ለበዓል የሚገዛው ትልቁ የመጫወቻ ባቡር፦ የጅቡቲ መስመር ለምን ከሳጥኑ ጎደለ?

በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5፣ በዓል ሲቃረብ በሱቆች ደጃፍ ከሚደረደሩት የልጆች ዕቃዎች መካከል ባቡር አይጠፋም። ሎኮሞቲቩ ጥቁር ወይም ቀይ ነው፤ የጭስ ማውጫና ደወል አለው፤ ቁልፉ ሲነካ ያፏጫል፤ ባትሪው እስኪደክም ድረስም በክብ የፕላስቲክ ሐዲድ ላይ ይዞራል። የተሠራው ቻይና ውስጥ ነው። መልኩ ግን ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት የአሜሪካን ሜዳዎች ያቋርጥ የነበረ የእንፋሎት ባቡር ነው። ለዒድ የሚሸምተው የጅቡቲ ቤተሰብም ሆነ ለገና የሚሸምተው በዚያው ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለልጁ ይዞ የሚገባው ይህንኑ ነው።

ከተማዋ ደግሞ በ1897 ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደው ሐዲድ መነጠፍ የጀመረባት ናት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። መስመሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሶ ወደ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። የአዲስ አበባው ለገሃር ስሙን ያገኘው ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ድሬዳዋም እንደ ከተማ የቆመችው በዚህ ባቡር ምክንያት ነው። ይህን ባቡር የሚመስል አዲስ የተመረተ ትልቅ የመጫወቻ ባቡር ግን በታላላቆቹ አምራቾች መደበኛ ዝርዝር ውስጥ የለም። የስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ባቡር አለ፤ የጀርመን ጫካ ባቡር አለ፤ የአሜሪካ የጭነት ባቡር በዓይነት በዓይነቱ አለ።

ጉዳዩ ለጊዜው የልጆች ነገር ይመስላል። ሆኖም የቅርብ ዓመታት የቀረጥ ጦርነት፣ የቀይ ባሕር ቀውስና የብር ምንዛሬ ለውጥ የአንድን የመጫወቻ ባቡር ዋጋ ከጅቡቲ እስከ ዋሽንግተን በየፊናው ቀያይረውታል። የትኛው ባቡር እንደሚሠራና የትኛው እንደማይሠራ የሚወስነው ነገር ደግሞ ከዋጋ ይልቅ ሌላ ነው፤ እውነተኛውን ባቡር ማን ጠብቆ አቆየው የሚለው።

የአንድ ሜትር ሐዲድ

አዲስ ትልቅ የመጫወቻ ባቡር ልግዛ ብሎ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ቁጥር 45 ነው። በእነዚህ ባቡሮች ሁለት የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው። ልኩ የተወረሰው በ1859 በጎፒንገን ከተማ ከተመሠረተው የጀርመኑ ማርክሊን ኩባንያ ነው። ማርክሊን በ1891 በላይፕሲክ የንግድ ትርኢት ላይ ቁጥር የተሰጣቸውን የሐዲድ ስፋቶች ይዞ ቀረበ፤ ዛሬ «ስፋት 1» የሚባለው 45 ሚሊ ሜትር ነው። በ1968 ኑረምበርግ የሚገኘው የሌማን ድርጅት በዚሁ ስፋት ላይ የሚሄድ፣ ፀሐይና ዝናብ የሚችል፣ ከቤት ውጭ በአትክልት መካከል ሊዘረጋ የሚችል ትልቅ ባቡር ለገበያ አቀረበ። ኤል ጂ ቢ ይባላል፤ የዚህ ዓይነት መጫወቻ ሲነሣ እስካሁን ድረስ ቀድሞ የሚጠራው ስም እርሱ ነው።

ኤል ጂ ቢ ባቡሮቹን ያሳነሰው 1 ለ 22.5 በሆነ ልኬት ነው። 45 ሚሊ ሜትር በ22.5 ሲባዛ 1,012 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ በሌላ አነጋገር አንድ ሜትር። የቀድሞው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ስፋትም አንድ ሜትር ነበር። ይህ አጋጣሚ ነው፤ ሌማን ሐዲዱን ሲለካ ድሬዳዋን አላሰበም። ቢሆንም ውጤቱ አይለወጥም፦ በዓለም ላይ ካሉት የመጫወቻ ሐዲዶች ለአሮጌው ባቡራችን ልክ የሆነው በየአገሩ በስፋት የሚሸጠው ሐዲድ ነው። አዲስ ልክ መፍጠር አያስፈልግም። መስመሩን ሙሉ በሙሉ በዚህ ልኬት ልዘርጋ የሚል ቢኖር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ይፈልጋል።

አዲሱ መስመርም ቢሆን አልተረሳም። ኦክቶበር 2016 በኢትዮጵያ፣ ጃንዋሪ 2017 በጅቡቲ ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄደው በ1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ነው። ይህን ወደ 45 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ልኬቱ 1 ለ 32 ይሆናል፤ እርሱም አምራቾች የሚያውቁትና የሚሠሩበት ልኬት ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሐዲድ የሚኒልክን ዘመን ባቡርም የናጋድን ባቡርም ሊሸከም ይችላል። ችግሩ የመጠን አለመጣጣም ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቆሙ አሮጌው ከአዲሱ አንጻር ከእውነቱ የገዘፈ ሆኖ ይታያል።

ከዚህ አንጻር የስዊዘርላንድ ነገር ትኩረት ይስባል። ኤል ጂ ቢ አብዝቶ ከሚሠራቸው ባቡሮች መካከል በግራውቡንደን ተራሮች ላይ የሚሄደው የሬቲያ ባቡር አለ። ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፤ የመጀመሪያው ክፍሉ የተከፈተው ከጅቡቲው ሥራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። በ1894 ከዐፄ ምኒልክ የባቡር ሥራ ፈቃድ የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግም የስዊዘርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ ነበር፤ በስዊዘርላንዷ ዊንተርቱር የተሠሩ ሎኮሞቲቮችም በጅቡቲ መስመር አገልግለዋል። አንድ ዘመን፣ አንድ የሐዲድ ስፋት፣ በከፊልም የአንድ አገር የምሕንድስና እጅ ነው። የሬቲያ ባቡር ግን ዛሬም ይሠራል፣ የአልቡላና የበርኒና መስመሮቹም በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፣ ልጅ ሆኖ የተሳፈረበት ጎልማሳም ለልጅ ልጁ ትንሹን ይገዛል። የእኛው በ2000ዎቹ መገባደጃ ላይ ከአዲስ አበባ በኩል ቆመ።

ጥቂት አምራቾች፣ አንድ የምርት ማዕከል

የትልልቅ የመጫወቻ ባቡሮች ገበያ ከውጭ ሲያዩት ሰፊ ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ጥቂት ስሞች ብቻ ናቸው። ሌማን በ2006 ከሰረ፤ ኤል ጂ ቢን በ2007 ማርክሊን ገዛው። ማርክሊን ራሱ በ2009 ለኪሳራ ተዳርጎ በ2013 በሌላ የጀርመን የመጫወቻ ድርጅት ባለቤቶች እጅ ገባ። ዛሬ ኤል ጂ ቢ የሚሉ ሳጥኖች በአብዛኛው የሚወጡት ሃንጋሪ ውስጥ ጂዮር ከተማ ካለው ፋብሪካ ነው። በአሜሪካ በኩል ባክማን ከ1987 ጀምሮ የሆንግ ኮንጉ ካደር ንብረት ነው፤ ምርቱም የቻይና ነው። አሪስቶ ክራፍት የተባለው ሌላው የአሜሪካ ስም በ2013 መጨረሻ ሱቁን ዘጋ።

የአሜሪካን የገና ዛፍ ከባቡር ጋር ያስተሳሰረው ላዮኔልም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ድርጅቱን በ1900 በኒው ዮርክ የመሠረተው ጆሹዋ ላዮኔል ኮወን የመጀመሪያውን ባቡር የሠራው ለልጆች አልነበረም፤ የሱቅ መስኮት ላይ እየዞረ ገዢ እንዲስብ ነበር። ሰዎች ከዕቃው ይልቅ ማስታወቂያውን ለመግዛት ጠየቁ። ማምረቻው ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ በፊት ወደ ቻይና ሄዷል።

በአሜሪካ ገበያ ከሚሸጡት መጫወቻዎች 80 በመቶ የሚጠጋው ከቻይና የሚገባ ነው። የካርቲየ 5 ባለሱቅና የሜሪላንድ ባለሱቅ የሚጠብቁት ኮንቴይነር የሚነሣው ከአንድ አገር ወደቦች ነው ማለት ነው። የሚለያዩት በመንገዱና በቀረጡ ነው።

ሦስት ገዢዎች፣ ሦስት ዋጋዎች

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ይህን ባቡር በሚገባ ያውቁታል። በአሜሪካ ምክር ቤት አጠገብ ያለው የዕፅዋት ማዕከል በየዓመቱ በዲሴምበር በቅርንጫፍና በቅርፊት በተሠሩ ሕንጻዎች መካከል ትልልቅ ባቡሮችን ያስኬዳል፤ መግቢያውም ነጻ ነው። ከዚያ የተመለሰ ልጅ ምን እንደሚጠይቅ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ገና በእኛ ዘንድ ቀድሞ የሚያስታውሰው በትርና ሩርን ነበር፤ የዛፍና የስጦታ ልማድ ከተማ ውስጥ በኋላ የመጣ ነው፤ ዳያስፖራው ጋ ግን ዲሴምበር 25ና ጃንዋሪ 7 በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት በዓል ሆነው ሰንብተዋል። ባቡሩ ከአንደኛው ዛፍ ሥር ተዘርግቶ ሁለተኛውን ይጠብቃል።

እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ አሜሪካ በመጫወቻዎች ላይ ቀረጥ አታስከፍልም ነበር። በዚያው ዓመት ግን በቻይና ምርቶች ላይ የተጣለው ተጨማሪ ቀረጥ በአፕሪል 145 በመቶ ደርሶ፣ በሜይ ወደ 30፣ በኖቬምበር ደግሞ ወደ 20 በመቶ ወረደ። ዕቃ የሚታዘዘው ከበዓሉ ብዙ ወራት አስቀድሞ ስለሆነ፣ ለአስመጪው ከመጠኑ ያልተናነሰ ራስ ምታት የሆነበት የቁጥሩ መዋዠቅ ነው፤ በአፕሪል ያዘዘና በሰኔ ያዘዘ ነጋዴ አንድን ባቡር በሁለት የተለያየ ዋጋ አስገብተዋል። ቀረጡን በፍርድ ቤት ከተገዳደሩት መካከል ለርኒንግ ሪሶርስስ የተባለው የኢሊኖይ የትምህርት መጫወቻዎች ድርጅት ይገኝበታል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክርክሩን ኖቬምበር 5 ቀን 2025 ሰምቷል።

ከጀርመን በፖስታ አዝዤ ከዚህ እገላገላለሁ ያለም አልተገላገለም። ዋጋቸው ከ800 ዶላር በታች የሆኑ እሽጎች ያለ ቀረጥ እንዲገቡ ይፈቅድ የነበረው ሕግ ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር ቀርቷል። ለውጡ ሊጀምር ሲል በርካታ የአውሮፓ ፖስታ ድርጅቶች የንግድ እሽጎችን ወደ አሜሪካ መላክ ለጊዜው አቁመው ነበር። በ2025 ከአውሮፓ ኅብረት የሚገባ ዕቃ ላይ የተጣለው 15 በመቶ ነበር፤ የ500 ዩሮ ሳጥን ላይ 75 ዩሮ ይጨምር ነበር።

ሁለተኛው ገዢ አዲስ አበባ ነው። ጁላይ 2024 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። የ500 ዶላር መጫወቻ 28,500 ብር ከመሆን ወጥቶ ከ50,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ማጓጓዣና ታክስ ሳይታሰብ። እንዲህ ያለ ዕቃ ከመጀመሪያውም የጥቂቶች ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የጥቂቶቹም ጥቂቶች ሆኗል።

የጅቡቲ ገዢ ከሁለቱ ይለያል። የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር ወደ 178 ፍራንክ ነው፤ ትናንትም ዛሬም። የ500 ዶላር ሳጥን 89,000 ፍራንክ ገደማ ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ሆኖም አይዘልም። እዚህ የሚለዋወጠው የባሕሩ መንገድ ነው፤ በዚህ ረገድ ደግሞ የከተማዋ አቀማመጥ ራሱ አድሎ አለበት። ጅቡቲ የምትገኘው ከባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ በስተደቡብ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። ከቻይና የሚመጣ መርከብ ወሽመጡን ሳያቋርጥ ይደርሳታል። ከአውሮፓ የሚመጣው ግን ቀይ ባሕርን ከላይ እስከ ታች ማቋረጥ አለበት። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ሁቲዎች በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት በመክፈታቸው ብዙ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ ጫፏ በኩል ለመዞር ተገደዋል፤ ይህም ጉዞውን ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያራዝመዋል። ስለዚህ የቻይናው ፕላስቲክ ባቡር በካርቲየ 5 ደጃፍ ሲንጠለጠል የሃንጋሪው ሳጥን ገና ኬፕ ታውንን እየዞረ ሊሆን ይችላል። ርካሹ ባቡር በዋጋ ብቻ ሳይሆን በጂኦግራፊም አሸናፊ ነው።

በቀድሞው ዘመን ደግሞ ወደ መሀል አገር የሚሄደው መጫወቻ ጭምር የሚጓዘው በባቡሩ ነበር። ከጅቡቲ ሸቀጥ ይዘው የሚሳፈሩ ነጋዴዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ድሬዳዋን የጨርቁና የኤሌክትሮኒክሱ መናኸሪያ አድርገዋት ነበር፤ ታይዋን የሚባለው ገበያዋ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ለብዙ ልጅ ያም ቢሆን የሩቅ ነገር ስለነበር መኪናውን ከሽቦና ከቆርኪ ራሱ ይሠራ ነበር። ከሽቦ ባቡር የሠራም አይጠፋም።

የተረፈው ባቡር ይሸጣል

በየሱቁ ወደሚታየው ጥቁር የእንፋሎት ባቡር እንመለስ። የበዓል ባቡሮችን መልክ ካስተካከሉት ነገሮች አንዱ በ2004 የወጣው «ዘ ፖላር ኤክስፕረስ» የተሰኘው ፊልም ነው፤ ላዮኔል ከዚያ ወዲህ በዚህ ስም ባቡር ሲሸጥ ኖሯል፤ አስመሳዩም ብዙ ነው። በፊልሙ ውስጥ ያለው ሎኮሞቲቭ የተሳለው ፔር ማርኬት 1225 በሚባል በእውነተኛ ሎኮሞቲቭ ንድፍ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ድምፁም ከእርሱ የተቀዳ ነው።

ሎኮሞቲቩ በ1941 ተሠርቶ ዕድሜው አጭር ሆነ፤ የናፍጣ ባቡሮች ሲመጡ ተጣለ። ብረቱ ከመቅለጥ የተረፈው በ1957 ለሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በስጦታ በመሰጠቱ ነው። በግቢው ውስጥ ለዓመታት ቆሞ ሳለ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ጠግነን እናስነሣዋለን ብለው ተነሡ፤ አስነሡትም። ተማሪዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ድምፁን የሚቀዳው ፊልም ሠሪ የሚያገኘው ዝምታ ነበር። በፊልሙ ወቅት ማንም የመጫወቻ ፋብሪካ አዲስ ባቡር አልፈለሰፈም፤ የተጠበቀ ባቡር አገኘ፣ አሳነሰ፣ ሸጠ።

የባቡር ኩባንያዎችም ይህ ዋጋ እንዳለው ያውቃሉ። የአሜሪካው ዩኒየን ፓሲፊክ በ2004 ላዮኔልንና ሌላ አምራች አርማዬንና ቀለሜን ያለ ፈቃድ ተጠቅማችኋል ብሎ ከሶ ነበር፤ በ2006 ግን በስምምነት የክፍያ ጥያቄውን ተወ። ያፈገፈገበትን ምክንያት መገመት አይከብድም፦ በየቤቱ ዛፍ ሥር የሚዞር አርማ ከክፍያው የሚበልጥ ማስታወቂያ ነው።

በእኛ በኩል ያለውን እንይ። የኢትዮ–ጅቡቲ ምድር ባቡር የቀድሞው ጥገና ማዕከል ድሬዳዋ ውስጥ አለ። አሮጌ ሎኮሞቲቮች፣ የመንገደኛ ፉርጎዎች፣ በጣሊያን ዘመን ስሟ የቀረው ሊቶሪና፣ መሣሪያዎቹ ሳይቀሩ ጎብኚ ሊያያቸው በሚችልበት ሁኔታ ቆመዋል። አንድ አምራች ሞዴል ለመሥራት የሚፈልገው ይህን ነው፦ የሚለካ ዕቃ፣ የቀለሙ ናሙና፣ የቴክኒክ ንድፍ፣ ጥሩ ፎቶግራፍ። ሎኮሞቲቮቹ በአውሮፓ ፋብሪካዎች የተሠሩ በመሆናቸው የንድፋቸው ቅጂ በዚያም የሚገኝበት ዕድል ሰፊ ነው። ድሬዳዋ ያለው ብረት ግን በየክረምቱ ይዝጋል።

በዚህ ጸሐፊ ግምት የጎደለው ገበያ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ያለው ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ በዚህ መስመር የተሳፈረ አባት ወይም አያት የሌለው የድሬዳዋና የሐረርጌ ሰው ጥቂት ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥም የቀድሞ የቅኝ ግዛት ባቡሮችን የሚሰበስቡ አሉ። የጎደለው ጠያቂ ነው። ከቻይና ተቋራጮች ሥራውን ተረክቦ ከ2024 ጀምሮ በሁለቱ አገሮች የሚመራው የባቡር ድርጅት ስሙንና ቀለሙን ለሞዴል ሠሪ የሚፈቅድበት አሠራር ቢኖረው፣ የሚጠይቀው ካፒታል ከአንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ የማይበልጥ ነው። አራት ቢሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት፣ አብዛኛው በቻይና ብድር የተሠራ መስመር ገቢ ፍለጋ ላይ ነው፤ መጫወቻ ዕዳ አይከፍልም፤ ሆኖም የባቡሩ ስም በልጆች ዘንድ እንዲታወቅ የሚከፈል ገንዘብ ሳይሆን የሚቀበሉት ገንዘብ ነው።

ትልልቆቹ አምራቾች በጥቂት መቶ ፍሬ ምክንያት አዲስ ቅርጽ ማውጫ ብረት አይቀርጹም፤ ወጪው ከባድ ነው። በዚህ በኩል ነገሩን ያቀለለው የሦስት ገጽታ ማተሚያ ነው። የብዙ አገር ሞዴል ሠሪዎች ሞተሩንና መንኮራኩሩን ከተመረተ የኤል ጂ ቢ ወይም የባክማን ባቡር ወስደው አካሉን ብቻ በማተም የአገራቸውን ባቡር ይሠራሉ። የእኛው ልኩ ቀድሞ ተሠርቶ ስለሚጠብቀው ከሌሎች ይቀለዋል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ያሉ የምሕንድስና ተማሪዎች ለዚህ የሚያንሱበት ምክንያት አይታይም፤ ሚሺጋን የጀመሩትም ተማሪዎች ነበሩ።

እስከዚያው ለሚገዛ

የበዓሉን ባቡር አሁን ለሚፈልግ ሰው ጥቂት ነገሮች ገንዘብ ያድናሉ። መጀመሪያ ቦታው። የኤል ጂ ቢ ትንሹ ክብ በ12 ጥምዝ ሐዲዶች የሚገጠም ሲሆን ዲያሜትሩ ወደ 1.3 ሜትር ነው። በካርቲየ 5 ያሉ ብዙ ክፍሎች ይህን የሚሰጡት ፍራሹ ሲነሣ ነው። በልኬቱ አንድ አሥር ሜትር ሎኮሞቲቭ 44 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር በ1 ለ 32 ለመሥራት የሚያስብ ግን 25 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የመንገደኛ ፉርጎ 80 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን በዚህ ትንሽ ክብ ላይ አይዞርለትም።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ ነው። ባቡሩ ራሱ የሚሠራው ከ24 ቮልት በማይበልጥ ኃይል ስለሆነ ለልጅ አያሰጋም። ችግሩ ያለው ከግድግዳው በሚሰካው ትራንስፎርመር ላይ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ሳጥን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የጅቡቲም የኢትዮጵያም ቤቶች 220 ቮልት ናቸው፤ ያለ መቀየሪያ የሰካው ሰው ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። የጀርመኑ ሳጥን ይህ ችግር የለበትም። በጅቡቲ ሌላም ነገር ይታሰብ፦ የናስ ሐዲድ በባሕር እርጥበት ቶሎ ይጠቁራል፣ የጠቆረ ሐዲድም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ከቤት ውጭ ከተዘረጋ ደግሞ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣው የበጋ ሙቀት ፕላስቲኩን ሊያጣምም ይችላል። በባትሪ የሚሄደው ርካሽ ባቡር ከሐዲዱ ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ በዚህች ከተማ ከታላቁ ወንድሙ የበለጠ ሊቆይ ይችላል።

ለመልክ የሚጨነቅ ገዢ ደግሞ ሳጥኑ ላይ ያለውን ልኬት ያንብብ። በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ 1 ለ 22.5፣ 1 ለ 29ና 1 ለ 32 የሆኑ ባቡሮች ሁሉ ይሄዳሉ፤ ሻጮች ብዙውን ጊዜ ሁሉንም በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። ወደ አሮጌው የድሬዳዋ ባቡር የሚቀርበው በ1 ለ 22.5 የተሠራ የሜትር ስፋት ባቡር ነው፤ የስዊዘርላንዱ የሬቲያ ወይም የጀርመኑ የሃርዝ የመንገደኛ ፉርጎ ቀለሙ ቢቀየር ለዐይን አይርቅም። አዲስ ሎኮሞቲቭ ብቻውን ከ1,000 ዩሮ ማለፉ የተለመደ ስለሆነ፣ ለጀማሪ የሚሻለው ሐዲዱን፣ ሎኮሞቲቩንና ፉርጎዎቹን በአንድ ላይ የያዘው የማስጀመሪያ ሳጥን ነው።

የጊዜው ነገር ግን ብዙዎችን ያዘናጋል። አምራቾቹ የዓመቱን አዳዲስ ባቡሮች የሚያስታውቁት በዓመቱ መጀመሪያ፣ በጥር መጨረሻ አካባቢ በሚካሄደው የኑረምበርግ የመጫወቻ ትርኢት ሰሞን ነው። ብዙዎቹ የሚመረቱት አስቀድሞ በታዘዘው መጠን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዲሴምበር ሱቅ የገባ ሰው የሚያገኘው ከአሥራ አንድ ወር በፊት ሌሎች አዘው የተረፈውን ነው። የሚቀጥለውን ገና የሚያስብ ገዢ ትእዛዙን የሚሰጠው የዘንድሮው ዛፍ ገና ሳይነሣ ነው።